የተላጉ በሮች

ሰኞ 3

ይህ ደብተር እኔ በምጠብቀው የተማሪዎች ማደሪያ የሃያ አንድ ቁጥር ክፍል ልጆች የጣሉት ነው። ግማሹ ኬሚስትሪ፣ ግማሹ ባዶ። ማንበብም የተማርኩት ከዚሁ ከቅርጫታቸው ነው፤ ከተቀደደ የፈተና ወረቀት፣ ገጹ ከጎደለ መጽሐፍ፣ ጫማ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ስለዚህ ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ ግን ሁሉንም ከመሃሉ ነው የማውቀው። መጀመሪያውና መጨረሻው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ዘንድ ነው።

ዛሬ ሁለት ሰዎች የምሥራቁን ክንፍ ሲዞሩ ዋሉ። አንዷ ነጭ የራስ ቆብ ያደረገች መሐንዲስ ናት፤ በዕድሜ ታናሽ እህቴ ብትሆን ነው። ሌላው የግቢውን አሮጌ ሕንፃዎች የሚጠብቀውን የቅርስ ኮሚቴ የሚመሩት ሽማግሌው ፕሮፌሰር ናቸው። እኔ ደረጃውን እየወለወልኩ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ይኼ ክንፍ ዝናቡ ሳይገባ መለቀቅ አለበት» አለች።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ቤት አንቺም እኔም ሳንወለድ የቆመ ነው። አንቺ የምትዪውን የድጋፍ ብረት ለማቆም ያንን ኮርኒስ መብሳት ሊኖርብን ነው። አይተሽዋል ኮርኒሱን?»

«አይቼዋለሁ። ከሥሩ የሚተኙትንም አይቻለሁ።»

እኔን ሲያዩ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመሩ። ሰው ሲያይ ወሬ የሚቀይር ሰው ቀና ነገር አያወራም። የግድግዳው ስንጥቅ ሰበብ ነው። ልጆቹን አስወጥተው ቤቱን ቢሮ ሊያደርጉት ነው። ስልሳ ሁለት ልጆች ያድሩበታል። ስልሳ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል። እዚህ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሌላ ቤት የለኝም። እሱን ግን ማን ጠየቀኝ?

ሐሙስ 6

መሐንዲሷ በኮሪደሩ ስንጥቆች ላይ ቁራጭ መስታወት በጄሶ ለጠፈች። ሰባት ቦታ። በየአንዳንዱ ላይ ቀኑን ጻፈችበት።

«እትዬ፣ እባክዎ እነዚህን እንዳይነኩብኝ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። እኔ ባልኖርም እሱ ይነግረኛል።»

«እኔም ዓይን አለኝ» አልኳት።

«እሱማ አለዎት» ብላ ሳቀች። ምን ለማለት ነው?

መስታወቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ስስ ነው። አንዲት ልጅ ተናዳ በር ብትወረውር ይሰበራል። ከዚያ «ቤቱ ተንቀሳቀሰ» ሊሉ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እንዲህ ነው።

ከሰዓት የሃያ ሦስት ቁጥር በር አልዘጋ አለ። ከላይ በቁልፉ በኩል መቃኑን ነክሷል። መላጊያዬን አምጥቼ ላግኩት፤ የጥፍር ውፍረት ያህል። አሁን ይዘጋል። ልጆቹ «እትዬ የበር ሐኪም!» ይሉኛል። አንዷ «እባክዎ እትዬ፣ የዚያንም ልጅ ልብ አንድ ሁለቴ ላግ ያድርጉልኝ፣ አልከፈት ብሎኛል» ብላ አሳቀችን።

ቅዳሜ 8

የእህቴ ልጅ እዚያው ሃያ ሦስት ቁጥር ናት። ከዘራችን ይህን ደጅ በተማሪነት የረገጠች የመጀመሪያዋ። እናቷ ስታመጣት እጄን ይዛ «ከዓይንሽ አትለያት» አለችኝ። አልተለየችም።

ዛሬ መጣችና «አክስቴ፣ ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ ነጭ ዱቄት አገኛለሁ» አለችኝ።

«ምስጥ ነው።»

«ምስጥ ልስን ይበላል እንዴ?»

«የዘንድሮ ምስጥ ምን የማይበላው አለ» ብዬ አሳለፍኩት። አልጋዋን ግን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኩት። ለመጥረግ እንዲመቸኝ ነው።

ሰኞ 10

መሐንዲሷ ዛሬ የብልሽት መዝገቡን ጠየቀች።

በየማደሪያ ቤቱ አንድ መዝገብ አለ። ከክፍል የመጣ ብልሽት ሁሉ እዚያ ይጻፋል ይባላል። ይባላል እንጂ አይጻፍም። ዓመቱ ሲያልቅ መስመሮቹ ይቆጠሩና ብዙ መስመር የተገኘባት ጠባቂ ቸልተኛ ተብላ ይፈረድባታል። የምዕራቡን ክንፍ ትጠብቅ የነበረችው ባልንጀራዬ በሁለት ገጽ ነው የተባረረችው። ስለዚህ እኛ ጠባቂዎች የምንችለውን በእጃችን እንጠግናለን፤ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ደስ ይለዋል። የኔ መዝገብ ከሁሉም ንጹሕ ነው። በዚህ አላፍርም።

የቤቱ ኃላፊ ፕሮክተራችን፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ መዝገቡን አምጥታ ሰጠቻት። መሐንዲሷ ገለበጠች፣ ገለበጠች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የተጣበቀ በር የለም? አንድም?»

«የኛ እትዬ እኮ ናቸው» አለች ፕሮክተሯ። «በሳቸው እጅ ምን ይጣበቃል!»

መሐንዲሷ ቀና ብላ አየችኝ። «እውነት ነው እትዬ? በር የሚጣበቀው መቃኑ ሲጣመም ነው። መቃኑን የሚያጣምመው ደግሞ ከላዩ ያለው ግድግዳ ነው። እሱን ካወቅኩ መስታወቱን የት እንደምለጥፍ አውቃለሁ።»

«መዝገቡ ያለው ነው» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። መዝገቡ ያለው ነው። ደግሞ እንዲህ በለሰለሰ አፍ የሚጠይቅ ሰው አጥማጅ ነው። «አዎ፣ አንድ በር ነበር» ብል ነገ ወረቀት ላይ አስፍራ ቤቱን ታዘጋበታለች።

ሐሙስ 13

ችኮላ ላይ ነኝ። 22ን ላግኩ። 24ንም፤ እሱ እንኳ ትናንት ደህና ነበር። የጥፍር ውፍረት አልበቃውም። ፍቅፋቂውን በጨርቅ ቋጥሬ ሳወጣ ፕሮክተሯ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። «ምንድን ነው እትዬ?» «ቆሻሻ።» ለምን ጠየቀችኝ? ጠይቃኝ አታውቅም።

ዓርብ 14

መታጠቢያ ቤቱን ሳጸዳ ሁለት ልጆች በሩ ጀርባ መሆኔን ሳያውቁ ያወራሉ።

«እትዬ ያውቃሉ እያልኩሽ ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉን። ዝም የሚሉት እኮ ስለሚያውቁ ነው።»

ባልዲውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በኋላ ሲቀጥሉ ሰማሁ፤ ወሬው አንዷ በአጥር ዘልላ ስለገባችበት ቀን ነው። ነው ወይስ ስሰማ ቀየሩት?

ሃያ ሦስትን ዛሬም ላግኩት። ሁለተኛ ጊዜ።

ሰኞ 17

ፕሮፌሰሩን ብቻቸውን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። መስታወቱ አጠገብ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ። ሰባቱም መስታወት ደህና ነው። ልጆቹ ቀን ከሌት በር እየወረወሩ አንድ እንኳ አልተሰበረም? የተሰበረውን እያነሱ በአዲስ ይተካሉ ብዬ ጠረጠርኩ። ለኮርኒሳቸው ሲሉ ምን የማያደርጉት አለ? ሲሄዱ ጠብቄ ጽሕፈቱን አንድ በአንድ አየሁት። የመሐንዲሷ እጅ ነው። ያው የመጀመሪያው ቀን። ግን የሰው እጅ ጽሕፈት ማስመሰል ምን ያቅታል?

ከመሄዳቸው በፊት ጠርተውኝ ነበር። «ይምጡ እስቲ፣ እዚህ ላይ እጅዎን ያሳርፉ። ይህን ልስን የሠሩት ሰዎች ስማቸውን የትም አልጻፉም። ጣታቸውን ብቻ ነው የተዉልን።»

ነካሁት። እውነትም የጣት ፈለግ አለ፤ አራት ጣት፣ እንደኔው አጫጭር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስወለውለው አላየሁትም።

ደግ ሰው ይመስላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ደግ የሚመስል ሰው ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ማክሰኞ 18

የእህቴን ልጅ ወደ ምዕራቡ ክንፍ አዛወርኳት። ለፕሮክተሯ «ጉንፋን አልለቃት ብሏል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል» አልኳት። «እርስዎ ለምነው እምቢ ልል ነው?» ብላ እዚያው ፈረመች። ልጅቷ ግን አኮረፈች።

«እኔ መቼ አመመኝ አክስቴ?»

«ዝም ብለሽ ዕቃሽን አንሺ።»

ብርዱ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ሐሙስ 20

ባዶው አልጋ ሁለት ቀን አልቆየም። የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አስገቡበት፤ ረጅም፣ ስትሄድ የምታንጎራጉር። ደረጃው ላይ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

«እትዬ፣ አልጋው የተገኘው በእርስዎ ነው አሉኝ። በፊት የነበርኩበት ክፍል ስድስት ሆነን እንደ ክብሪት ነበር የምንደረደረው። እግዜር ይስጥልኝ!»

አልጋውን መልሳ ግድግዳው ላይ አስጠግታዋለች። እንድታርቀው ነገርኳት። «ለምን?» አለች። «ለመጥረግ።» «እኔ እጠርግልዎታለሁ!» አለችና እየሳቀች ወጣች።

ራት አልበላ አለኝ። እሷም የሰው ልጅ ናት። እሷንም ለአንድ ሰው «ከዓይንሽ አትለያት» ያለች እናት ትኖራለች።

እሑድ 23

ዝናቡ ገባ። ጣሪያው ላይ የሚወርደው አያስፈራኝም። የምፈራው ጋብ ሲል የሚሰማውን ነው። ቤቱ ጣ ይላል። ይቆይና ደግሞ ጣ። ልጆቹ እንጨቱ እርጥበት ስቦ ነው ይላሉ። እኔም እንደነሱው እላለሁ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የየሰዉን ፍላጎት አስባለሁ። መሐንዲሷ ቤቱ ባዶ እንዲሆን ትፈልጋለች። ፕሮፌሰሩ ኮርኒሱ እንዳይነካ ይፈልጋሉ። ፕሮክተሯ ማንም ለጥያቄ እንዳይጠራት ትፈልጋለች። እኔ የምፈልገውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት።

ክንፉ ቢዘጋና እህቴ ቤት ብሄድ አታስወጣኝም። ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ ሰባት ሆነው። ባሏ ግን ክፉ ሳይናገር ሰው ማስወጣት ይችልበታል፤ በሩን ሲከፍትልሽ «መጣሽ?» የሚልበት ድምፅ ብቻ ይበቃል።

ደግሞስ እኔ ባልልገው ሌላዋ ጠባቂ አትልገውም ነበር? መሐንዲሷ ተምራለች፤ ቤት መቼ እንደሚወድቅ ማወቅ የሷ ሥራ ነው። ከቅርጫት ፊደል የለቀመች ሴት ምን ትነግራታለች? የምታውቀውን እያወቀች እኔን የምትጠይቀው ሰበብ ፍለጋ ነው። እንዲያውም ዛሬ በመስኮት አይቻታለሁ፤ ዝናቡ ውስጥ ቆማ የላይኛውን ፎቅ ታያለች። በእሑድ! ማን ነው በእሑድ የሚሠራ፣ የሚደብቀው ነገር ከሌለው?

ዛሬ በእሑድ ሃያ ሦስትን ላግኩ። ሦስተኛ ጊዜ። ረጅሟ ልጅ እያንጎራጎረች መብራት ያዘችልኝ።

ረቡዕ 26

ኮሚቴው በምድር ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ወንበር ካስገባሁ በኋላ የኮሪደሩን መስኮት እወለውል ጀመር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ማስረጃ የለኝም» አለች መሐንዲሷ። «መስታወቶቹ ደህና ናቸው፣ መዝገቡ ባዶ ነው። ልቤ ግን አልተቀበለውም።»

«ልቤ አልተቀበለውም ብለን ስልሳ ሁለት ተማሪ የት እናስተኛ? ሜዳ ላይ?» ይኼ የአስተዳደሩ ሰው ነው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቁም። «ማስረጃ ይምጣልኝና ኮርኒሱን በገዛ እጄ እበሳዋለሁ። ልጅ ከኮርኒስ ይበልጣል፤ ይህን የማላውቅ አይምሰላችሁ። በጥርጣሬ ብቻ ግን አልበሳም። አንዴ ከተበሳ የሚመልሰው እጅ የለም።»

ተወሰነ። ክንፉ አይለቀቅም፣ ድጋፍም አይቆምም። ዝናቡ እስኪያልፍ መስታወቶቹን እየተመለከቱ መጠበቅ።

ሲወጡ ፕሮፌሰሩ መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ይህን ቤት አቁመው የያዙት እርስዎ ነዎት» አሉኝ።

የፈለግኩት ሆነ። ክፍሌ ተረፈችልኝ። ሊያባብሉኝ ነው እንዳልል ተሰብስበው የሚፈልጉትን አግኝተዋል፤ ከኔ የሚፈልጉት የለም። የጨበጡትን እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩት።

ዓርብ 28

ጠዋት። ሃያ ሦስት። ሌሎቹ ወጥተዋል፣ ረጅሟ ልጅ ብቻዋን ውስጥ፣ ፈተና አለባት። በሩ አልከፈት አለ። እሷ ከውስጥ ትስባለች፣ እኔ ከውጭ እገፋለሁ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው።

መጀመሪያ ትስቅ ነበር። «እትዬ፣ ምሳዬን በቁልፉ ቀዳዳ ያቀብሉኝ!»

መላጊያ በተዘጋ በር ላይ አይሠራም።

ኋላ መሳቋን ተወች። «እትዬ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ከላይ የሆነ ነገር እየረገፈ ነው።»

«ከአልጋው ራቂ። ወደ መስኮቱ ሂጂ።»

«እትዬ አይሂዱ።»

በዲጂኖ መቃኑን ፈነቃቅዬ አወጣኋት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ አሉ። ፀጉሯ በልስን ነጭ ሆኖ ወጣች። የተሰበሰቡት ልጆች «ገብተሽ አርጅተሽ ወጣሽ!» ብለው ሳቁባት። እሷም ሳቀች። እጄን ግን አልለቀቀችም። ትራሷ ላይ የሁለት ጡብ ያህል ልስን ወድቋል። ሌሎቹ አላዩትም። እኔ አየሁት።

የእህቴ ልጅ ጩኸቱን ሰምታ መጥታ ነበር። ሰዉ ሲበተን ቀረች።

«አክስቴ፣ እኔን ለምን አወጣሽኝ?»

«ብርዱ...»

«ብርዱን ተይው። እኔን ስታወጪኝ ታውቂ ነበር?»

ዲጂኖውን ከመሬት አነሳሁ።

«እኔስ አክስት አለችኝ» አለች። «የሷ አክስት ማን ነው?» እና ሄደች። እስከ ዛሬ ፊቷን አዙራብኝ አታውቅም።

ቅዳሜ 29

ሳይነጋ ነው የተነሳሁት። የመሐንዲሷ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ቆቧን አላደረገችም፤ ያለ ቆቡ ልጅ ትመስላለች።

«በሮቹን እኔ ነኝ የላግኩት» አልኳት።

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። ወንበር ሳበችልኝ። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ። የትኛውን በር፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«መዝገቡ ላይ የለም እኮ።»

«መዝገቡ ላይ አይደለም። ደብተር አለኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ ሰባት መስታወት በማይንቀሳቀሰው ግድግዳ ላይ ለጥፌ... እርስዎ...» አልጨረሰችውም። ስልክ አነሳች።

ፕሮፌሰሩ ያለ ጃንጥላ በዝናብ መጡ። እሷ ነገረቻቸው። ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸውን ሸሸሁ። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ሁለት ዓመት ባዶ የሆነ መዝገብ አይቼ አልገረመኝም። ተመቸኝ።» ከዚያ ለሷ፣ «ኮርኒሱን ብሺው የኔ ልጅ። የት እንደሚበሳ አብሬሽ ልይ ብቻ።»

እስከ ቀትር ክንፉ ተለቀቀ። ልጆቹ ፍራሻቸውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ስፖርት አዳራሹ በሰልፍ ገቡ። «ሙሽራ የሌለው ሰርግ!» እያሉ። የአስተዳደሩ ሰው ግን በሩ ላይ ቆሞ መሐንዲሷን ሲናገራት ሰማሁ። «በአንዲት ጠባቂ አፍ ብቻ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሽው? ሰኞ ማስረጃ ካላመጣሽ ማክሰኞ መልሰን እናስገባቸዋለን።»

እሷም ወደ እኔ መጣች። «እትዬ፣ ደብተሩን ነገ ያመጡልኛል?»

እሺ አልኩ። ምን እንደተጻፈበት አታውቅም።

እሑድ 30

ኢንጂነር፣ ፕሮፌሰር፤

ይህ ገጽ ለእናንተ ነው። የቀረውን ለራሴ ነበር የጻፍኩት፤ እንዳገኛችሁት አንብቡት። አጥማጅ ያልኩበት ቦታ አለ። መስታወት ይቀያይራሉ ብዬ የጠረጠርኩበትም አለ። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ መካከል ተኝቼ እነዚያን ገጾች ልቀድ ጀምሬ ነበር። ግን ስድብ ካለበት ገጽ ጀርባ ሁልጊዜ በር አለ። አንዱን ቀድጄ ሌላውን ማስቀረት አልቻልኩም።

ስለ መዝገቡ እኔ እንደምጠየቅ ፕሮክተሯ ነግራኛለች። ይጠይቁኝ። እስከ ትናንት ማንም ቢጠይቀኝ እዋሸው ነበር፤ እሱንም እወቁት። ጠይቃችሁኝ ዋሽቻችኋለሁና።

እዚህ ደብተር ውስጥ የሌለ አንድ በር አለ። ደብተሩን ሳልጀምር ነው የላግኩት። የኔ የራሴ ክፍል በር ነው፣ ከደረጃው ሥር ያለው። ካለፈው ዓመት ዝናብ ወዲህ አራት ጊዜ ልጌዋለሁ። ከላይ በኩል ሁለት ጣት ጎድሏል፤ ክፍተቱን በጨርቅ ወትፌ ነው የኖርኩት። ከሁሉም በፊት የተጣበቀው እሱ ነው፤ ከላዩ ያለው ደግሞ ደረጃው ነው። ትናንት ስለ ላይኛው ፎቅ ስትነጋገሩ ስለ ደረጃው አንዳችሁም አላነሳችሁም። እኔም አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ ለምን እንደሆነ አልጽፈውም፣ ታውቁታላችሁ።

የአስተዳደሩ ሰው ዛሬ ከሰዓት ልጆቹ የቀረ ዕቃቸውን እንዲወስዱ ፈቅዷል አሉ። ስልሳ ሁለቱም በዚያ ደረጃ ሊወጡ ነው።

ይህን የምጽፈው የውጭው በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ነው። በሩን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ከአስተዳደሩ ሁለት ጊዜ መጥተው ክፈቺ ብለውኛል፤ አንዱ እየጮኸ። ደብተሩን የእህቴ ልጅ ይዛላችሁ ትመጣለች። እናንተ እስክትደርሱ ከዚህ አልነሳም።